ትምህርት ቤቷን ከቦታዋ አትንቀሏት፦ ለካውንቲያችሁ ኮሚሽነሮች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኮሚሽነሮች፣

የምኖረው ኔብራስካ፣ ኦማሃ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። በእናንተ ካውንቲ በኩል በቆሎና አኩሪ አተር ጭኜ ስመላለስ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት በዚያው መንገድ የሚነዱ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ነገሬ በሁለቱ የጠጠር መንገዶች መገናኛ ላይ ብቻዋን ስለቆመችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ነቅላችሁ ወደ ከተማው የባዛር ሜዳ ልትወስዷት፣ ከአሮጌዎቹ ትራክተሮች ጎን ልታቆሟት እንዳሰባችሁ ሰማሁ። በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። እዚያ ጥበቃ አለ፣ መብራት አለ፣ ጎብኚም አይጠፋም። ቢሆንም እባካችሁ ተዉት።

ያ ቦታ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ (ዘመኑን በፈረንጆች እየቆጠርኩ ነው) አገሩን በአራት ማዕዘን ሸንሽኖ፣ ከየ36ቱ ቁራሽ 16ኛው ለትምህርት ቤት መደገፊያ እንዲሆን አዘዘ። ኔብራስካ ላይ 36ኛውም ተጨመረበት። የአንዱ ቁራሽ ጎን አንድ ማይል ነው። በ1862 ደግሞ አምስት ዓመት ኖሮበት ላለማው ሰው 160 ኤከር የሚሰጥ ሕግ መጣ፤ በእኛ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ጎረቤት ከጎረቤት የተራራቀው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤቱም ልጅ በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ማዕዘን ላይ መሠራት ነበረበት። ከዚያች በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን የቃኘ ሰው፣ የስምንት ዓመት ልጅ በበረዶ ምን ያህል እንደሚጓዝ በዓይኑ ይለካዋል። ከባዛር ሜዳ ላይ ሆኖ ምን ያያል? የመኪና ማቆሚያ።

ባለፈው ዓመት ልጆቼን ቢያትሪስ ከተማ አጠገብ ወዳለው የፍሪማን ትምህርት ቤት ወስጄ ነበር። በ1872 በጡብ ተሠርቶ እስከ 1967 አስተምሯል፤ ዛሬ የሚጠብቀው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ትልቁ ልጄ ገብቶ «የሌሎቹ ክፍሎች በር የት ነው?» አለኝ። ሌላ ክፍል የለም፤ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ምድጃ፣ ከጀማሪ እስከ ስምንተኛ ሁሉም እዚሁ። የቄስ ትምህርት ቤታችንን ነገርኩት፤ የኔታ አንድ፣ እኛ ብዙ፣ ዳዊት የደረሰው ልጅ ለእኛ ለጀማሪዎቹ ሀሁ ሲያስቆጥረን። ያን ጊዜ ገባው። እንጨት በሌለበት በዚያ ሜዳ ሰፋሪዎቹ የበቆሎ ቆረቆንዳና ኩበት ያነድዱ እንደነበር ስነግራቸው፣ ባለቤቴ «ኩበት! አሜሪካ?» ብላ ሳቀች።

ከዚያው ሰፈር አንድ ሙግትም ወጥቷል። ዳንኤል ፍሪማን የተባለው ገበሬ፣ አስተማሪዋ በክፍል መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች ብሎ ከሰሰ፤ በ1902 የኔብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ለእኔ ለቄስ ተማሪው ፍርዱ ትንሽ ይከብደኛል። ግን ገበሬው ስለ ልጆች ትምህርት እስከዚያ ድረስ መሄዱን አደንቃለሁ።

በ1919 በአገሪቱ ወደ 190,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። መንገድና አውቶቡስ መጣ፣ እርሻው ሰፋ፣ ሰው ሳሳ፣ ተዘጉ። የተረፉትን በቦታቸው ማቆየት የምትጠየቁት ለስሜት ብቻ አይደለም። ከቦታው የተነሣ ሕንፃ በመደበኛው ደንብ ወደ ብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ አይገባም። መዝገቡን ብታጡ፣ በእሱ በኩል ሊመጣ የሚችለው እርዳታም ይርቃችኋል። ሕንፃውን የጭነት መኪና ላይ ለመጫን የምታወጡት ገንዘብ ለጣሪያውና ለመሠረቱ ይዋል።

ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን እዚያው ሂዱና ስብሰባችሁን በሯ ላይ አድርጉ። እኔም እመጣለሁ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ጣሪያ ላይ አልወጣም፤ ቆርቆሮና ጣውላ ግን በራሴ መኪና፣ በራሴ ነዳጅ አመጣለሁ። አብረውኝ የሚመጡ ሁለት አናጢዎችም አሉ። በሯ ላይ ያለው ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
በመንገዳችሁ የሚያልፍ ሾፌር፣ ኦማሃ