ገመዱን ያሰርኩት እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ነኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ስለ አእምሮ ሕሙማን ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ያስታውሱታል፤ ከግራር ግንድ ጋር የታሰረው ወጣት ፎቶግራፍ የፊት ገጹን ግማሽ ይዞ ነበርና። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቤተሰቦቹ ከግንዛቤ ማነስ የተነሣ ወደ ሕክምና ከመውሰድ ይልቅ በገመድ አሰሩት።»

እኔ በደቡብ ወሎ ገጠር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለ ነርቭ ሥርዓት የሚናገረውን ምዕራፍ በቃሌ አውቀዋለሁ። የታናሽ ወንድሜን እጆች በገመድ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ያሰርኩት ሆስፒታል ልወስደው ነው። በዘገባችሁ ውስጥ ገመድና ሕክምና ተቃራኒ ሆነው ቀርበዋል፤ በእኛ ቤት ግን ያለ ገመዱ ሕክምናው አይገኝም ነበር። ጋዜጠኛችሁ የወጣቱን ቤተሰብ «ለምን አሰራችሁት?» ብሎ ጠይቆ ይሆን? ከጠየቀ መልሳቸው የት ሄደ? ካልጠየቀ ደግሞ የግንዛቤያቸውን ልክ በምን ሚዛን ለካው?

ወንድሜ ሲታመም ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከኮሌጅ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ተወ። ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፤ ገላውን መታጠብና ልብሱን መቀየር ተወ። ብቻውን ፈገግ ይላል፤ ማንም ሳይጠራው «አቤት» ይላል። ራዲዮኑ ስለ እሱ የሚያወራ መስሎት በጋቢ ጠቅልሎ ከሣጥን ውስጥ ከተተው። ውሎ አድሮ እናታችን መርዝ አድርጋበታለች ብሎ ከእጇ እንጀራ አልቀበልም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ፤ ጫት ነው፣ ፍቅር ነው፣ ዓይን ነው፣ ሰው አስደግሞበት ነው። ዘገባችሁ «ሕመሙ በድንገት ተነሣበት» ይላል። በድንገት የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ በተለይ አራስ እናቶች ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሊከሰት ስለሚችል ያለ አንዳች መዘግየት ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በወጣቶች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ለወራት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ቶሎ ሲታከም ደግሞ የመሻል ዕድሉ ይሰፋል። ግንዛቤ መስጠት ከፈለጋችሁ መጻፍ የነበረባችሁ ይህንን ነበር።

እኛ ጨርቁን እስኪጥል አልጠበቅንም። ድንጋይ ሳይወረውር፣ ሰው ሳይሰድብ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደሙ ተመረመረ፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ እንክብል ተሰጠው። ደም መመርመሩን አልነቅፍም። አንጎልን የሚያጠቃ ወባ፣ ኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታ፣ መጠጥን በድንገት ማቆም ሰውን ሊያቃዡ ይችላሉና እነዚህን ማጣራት ተገቢ ነው። ግን ትኩሳት እንኳ ያልነበረውን ልጅ «ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል? ሊጎዳህ የሚከታተልህ አለ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መሣሪያም ላቦራቶሪም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ቦታ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይህንኑ እንዲጠይቁና ሕክምና እንዲጀምሩ የተዘጋጀ ነው፤ ሀገራችንም ተቀብላዋለች። በእኛ አካባቢ ግን ሥልጠናውን የወሰደው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ጥያቄዎቹም አብረውት ይሄዳሉ። የግንዛቤ ማነስ ፈልጋችሁ ከሆነ የእናታችን ጓዳ ድረስ መምጣት አያስፈልጋችሁም ነበር።

ሌሊት ወደ ገደሉ አፋፍ መሄድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን የሰው በር ሲደበድብ ጎረቤቶች ዱላ ይዘው ወጡ፤ እኔ መሐል ባልገባ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ከተማ ያለ ሆስፒታል እንውሰደው አልን። አምቡላንሱ ለወላድ ነው ተባልን፤ ወላድ ትቅደም፣ ይህን አልቃወምም፤ ግን ለእኛ የተረፈው የሕዝብ አውቶቡስ ብቻ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ የመጀመሪያው ሾፌር ወንድሜ ብቻውን ሲያወራ አይቶ አልጭንም አለ። ሌላው ካልታሰረ አይሆንም አለ። ረዳቱ የዕቃ ማሰሪያውን መጫኛ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አወረደልን። ወንድሜ እጆቹን ሳስር ዓይኔን እያየ «ወንድም ጋሼ፣ አንተም?» አለኝ። እንግዲህ ዝግጅት ክፍሉ ይንገረኝ፤ በዚያች ሰዓት የጎደለኝ የትኛው ትምህርት ነው?

ሆስፒታሉ ሃሎፔሪዶል አዘዘለት። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ የቆየና በመላው ዓለም የሚሠራበት ነው። ሳምንታት አልፈው ከእናታችን እጅ እንጀራ ተቀብሎ ሲበላ ቤቱ እንደገና ቤት ሆነ። ከዚያ በአንድ ማለዳ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጠማዞ፣ መንጋጋው ተቆልፎ አገኘነው። ሰፈሩ ሁሉ «መድኃኒቱ አጣመመው፣ ቀድሞም ብለናል» አለ። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ትራይሄክሲፈኒዲል በሚባል ርካሽ እንክብል ወይም በመርፌ በቶሎ ይለቃል፤ የመድኃኒቱን መጠን ማስተካከልም ይቻላል። አስቀድሞ የነገረን የለም። በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያም እንክብሉ አልነበረም። መድኃኒቱን አልወስድም አለ፤ ሕመሙም ተመለሰ። ድጋሚ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የመንግሥት መድኃኒት ቤት «አልመጣም» የሚልበት ወር ይመጣል፤ ከግል መድኃኒት ቤት ለመግዛት በግ ሸጠናል። ሕሙማን መድኃኒት «ያቋርጣሉ» ብላችሁ በግማሽ መስመር ያለፋችሁት ይህንን ነው።

ከእኔ ቤት ወጣ ብለን ደግሞ እንይ። በቡታጅራ አካባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀዋል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ አግኝተው አያውቁም ነበር። ለምን ይገርማል? አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ባሕር መሻገር ነበረባቸው። በኋላ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሕክምናውን እዚያው መስጠት ጀመሩ። ሕክምናው ሲጀመር ከሕሙማኑ ከአራት አንድ ያህሉ ባለፈው ዓመት ታስረው ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ይህ ቁጥር ከነበረበት ከግማሽ በታች ወረደ። እዚያው ወረዳ ቤተሰቦች ለምን እንደሚያስሩ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ ራሱን እንዳይጎዳ፣ ሰው እንዳይጎዳው፣ ሕክምና ለማድረስ። ገመዱን የሚፈታው በቅርብ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ማሰር ሰውን ያቆስላል፣ ክብሩንም ይገፋል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጋዜጠኛ የለም። በወንድሜ እጅ ላይ ጠባሳው አለ፤ አየዋለሁ።

ጸበልንም ነካ አድርጋችሁታል፤ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጋችሁ። እናታችን ወንድሜን ጸበል ወስዳዋለች፤ አሁንም ትወስደዋለች። ጥፋቱ ያለው ጸበል በመጠመቁ ላይ ሳይሆን «መድኃኒቱን ጥለህ ና» በሚል ሰው ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር። ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒት ተመሳሳይ ቃል በየጸበል ቦታው ቢነገር ስንት ሰው በተረፈ! የሚያጠምቁትን አባቶች ለዚህ የሚጋብዝ ጽሑፍ ከጋዜጣችሁ እጠብቅ ነበር። እናንተ ግን ተሳለቃችሁባቸው፤ ከተሳለቁበት ጋር ማን ይመካከራል?

የወጣቱን ፊት ሳትሸፍኑ ማውጣታችሁን ደግሞ በምንም አልታገሥም። ይህ ሕመም ይታከማል። ወንድሜ ዛሬ በየወሩ በመርፌ የሚሰጠውን ፍሉፌናዚን እየወሰደ ሠርቶ ይበላል፤ ዘንድሮ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ በአቅራቢያችን ተመድባለች። ያ ልጅም ይሻለዋል፤ ሥራ ይፈልጋል፤ ሚስት ያጫል። ያን ጊዜ ጋዜጣችሁን የሚያወጣበት ሰው አይጠፋም። ፈቃድ የሰጣችሁ ማን ነው?

«ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብላችኋል። እንግዲያው ጋዜጠኛችሁ ወደ ማንኛውም የገጠር ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ይግባና ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ ፍሉፌናዚን፣ ትራይሄክሲፈኒዲል አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ከሌለ ከመቼ ጀምሮ እንደሌለ ከመዝገቡ ይገልብጥ። ነርሷን ያነጋግር፤ ስንት ቀበሌ ለብቻዋ እንደምታይ ይጠይቃት። የተሻላቸውን ሕሙማንና ያስታመሟቸውን ሰዎች ያናግር፤ በመጀመሪያው ክፍል የአንዳችንም ድምፅ የለም። መልሱን፣ የጤና ቢሮው ኃላፊዎች ስለ ባዶው መደርደሪያ ከሚሰጡት ማብራሪያ ጋር፣ በዚያው በፊት ገጽ አውጡልን።

ስሜን በወንድሜ ምክንያት እንዳታወጡ አደራ እላለሁ፤ እሱን የሚያውቁት ቀጣሪዎቹ ይህን ጋዜጣ ያነባሉ።

የባዮሎጂ መምህር
ከደቡብ ወሎ