የደሴ ፒያሳና የእንግሊዝኛው «ፕሌስ»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ስለ ሰፈር ስሞች ሲያነሱ፣ «ፒያሳ» ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትርጉም የለሽ ስም ነው ብለው አለፉት። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ትርጉምማ አለው!

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ታክሲው እስኪሞላ ቁጭ ብለን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ፕሌስ፣ ቦታ፤ ፕሌስ፣ ቦታ» እያለች ትሸመድዳለች። ውጭ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ሁለታችሁም የምትጠሩት አንድ ቃል ነው ስላት አላመነችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪኮች ሰፊ ለማለት «ፕላቱስ»፣ ሰፊውን መንገድ ደግሞ «ፕላቴያ» ይሉ ነበር። ሮማውያን ቃሉን ወደ ላቲን ወሰዱት። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ደግሞ እንደየአፋቸው አደረጉት፤ ፈረንሳዮች «ፕላስ» ሲሉት ጣሊያኖች ግን ከ«ፕ» በኋላ የሚመጣውን «ል» ወደ «ይ» የመለወጥ ልማድ ስላላቸው (ለጥ ያለ ማለት የሆነውን የላቲኑን «ፕላኑስ» እንኳ «ፒያኖ» ነው የሚሉት) «ፒያጻ» አሉት፣ አደባባይ ማለታቸው ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ፒያሳ ሆነ።

እንግሊዝኛ ቃሉን ቀድሞም ከላቲን ቀምሶት ነበር። በደንብ የሰረጸው ግን በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ይዘው ፈረንሳይኛቸውን ካስገቡ በኋላ ነው። ያኔ አደባባይ ማለት ነበር፤ እየቆየ ማንኛውም ቦታ ሆነ። ለንደን ውስጥ ዛሬም ስማቸው በ«ፕሌስ» የሚያልቅ መንገዶች አሉ።

ደሴ በጣሊያን እጅ የገባችው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፣ ቁስሉንም ከአያቶቻችን አፍ ሰምተን ነው ያደግነው። ቃሉ ግን ከሙሶሊኒ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል፤ ከወራሪው ጋር አብረን አንጣለው።

ፒያሳ ስንወርድ ልጅቷ አደባባዩን ዞር ብላ አየችና «ታዲያ ፕሌትስ? ሳህኑ?» አለችኝ። ማንም ሳይነግራት! ልክ ናት፣ ሳህኑም በፈረንሳይኛ በኩል ከዚያው ከግሪኩ ቃል የመጣ ነው፣ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ። ልጆቻችን ቃል የሚይዙት እንዲህ ሲነገራቸው ነው። እባካችሁ በሳምንት የአንድ ቃል ታሪክ የሚወጣበት ትንሽ ዓምድ ክፈቱ፤ የመጀመሪያውን እኔ ጽፌ እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ