ዋስትና ያጣ ሰው የሚሰጠው የእምነት ቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በወንጀል ችሎቶቻችን የዋስትና ክርክርና የተከሳሽ የእምነት ክህደት ቃል (ክሱን አምኖ ወይም ክዶ የሚሰጠው መልስ) ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ቢሆኑም፣ በጥብቅና ሙያ ለምንሠራ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሲጎትት ማየት የተለመደ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለውና መብቱ የሚነፈገው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ፍርድ ቤቶች ለአሥርታት የሠሩበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም የመከልከያ ምክንያቶቹን በአንቀጽ 67 ዘርዝሯቸዋል። በተግባር ግን መርማሪው «ቢወጣ ምስክር ያባብላል» ማለቱ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። የትኛው ምስክር፣ ቃሉን እስካሁን አልሰጠም ወይ፣ ተጠርጣሪውስ በምን አቅሙ ይደርስበታል ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ሲገኝ ክርክሩ ወዲያው መልኩን ይቀይራል። ዋስትናው ሲፈቀድም ገንዘቡ ሌላ ጣጣ አለው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 69 የተጠርጣሪውና የዋሶቹ አቅም እንዲመዘን ቢያዝም፣ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ገቢው ሳይጠየቅ የብዙ ወራት ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ እንዲያስይዝ ሲታዘዝ እናያለን። ወረቀቱ ላይ ዋስትና ተፈቅዶለታል፤ እሱ ግን እዚያው ማረፊያ ቤት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በቀላል የአካል ጉዳት ሲከሰስ፣ ምስክር እስኪሰማ ታስሮ ከሚከራከር አምኖ በታሰረው ልክ ተቀጥቶ ቢወጣ ይመርጣል፤ ማመን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ መሆኑንም አብረውት የታሰሩት ነግረውታል። ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ሲለው «አዎ መትቼዋለሁ፤ ቀድሞ ድንጋይ ያነሣው ግን እሱ ነው» ይላል። መዝገቡ ላይ «ድርጊቱን አምኗል» ተብሎ ከሰፈረ፣ ራስን የመከላከል ክርክሩ ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 ግን ጥፋተኛ የሚለው የክሱን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለአንዳች ገደብ ያመነውን ነው፤ ቃሉ ካጠራጠረም ዳኛው ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን እንዲያሰማ ማዘዝ ይችላል። ይህ ሥልጣን በሥራ ላይ ሲውል የማየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልፎ አልፎ ነው።

የመዝገብ ብዛት ዳኞችን እንደሚያጣድፋቸው አይጠፋኝም። ቢሆንም የእምነት ቃል ከመመዝገቡ በፊት ተከሳሹ ጠበቃ አግኝቶ እንደሆነና ዋስትና ተፈቅዶለት ሳለ ለምን እንዳልወጣ መጠየቅ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ መልሱም በመዝገቡ ላይ ቢሰፍር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚመረምረው ነገር ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ