ቅዳሜ የሚቀሩት ስንቅ ሊያመጡ ሄደው ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አንድም ተማሪ ስላላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። የእኛን ስም እዚህ አልደግመውም፤ እናንተ በትልቁ ጽፋችሁታል። ያላለፈውን አልፏል ብዬም አልሟገትም። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ከደገፉት አንዱ ነኝ፤ ኩረጃ ሲቀር ምን እንደሚመጣም አላጣሁትም።

ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቅዳሜ የሚሰጠውን ማጠናከሪያ ከግማሽ በላይ ተማሪዎች አይከታተሉም፣ ይህም «የፍላጎት ማነስ» ነው ብላችኋል።

የቅዳሜው መምህር እኔ ነኝ፤ ያውም ያለ ክፍያ። ጋዜጠኛችሁ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሻይ ሲጠጣ እኔ ከግድግዳው ማዶ ፊዚክስ እያስተማርኩ ነበር። አንኳኩቶ «ሌሎቹ የት ሄዱ?» ቢለኝ እነግረው ነበር።

አምና ከተፈተኑት 43 ተማሪዎቻችን 26ቱ የገጠር ልጆች ናቸው። ቤታቸው የሦስትና የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ለአራት ለአምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ አከራይ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራቱን ከቆጣሪው ያጠፋል። አርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሁድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እስከ ረቡዕ እንጀራ ነው፤ ከዚያ ድርቆሽ፤ አርብ ጠዋት በሶ ከተረፈ በሶ። አንዴ አንዱን ልጅ ተቆጥቼ ቅዳሜን እንዲማር ከመሄድ አስቀረሁት። በሳምንቱ ረቡዕ መጽሐፍ ሊመልስ ቤቴ መጣ፤ ባለቤቴ ምሳ ስታቀርብለት እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስቀርም።

በሠንጠረዣችሁ ግን «የከተማ ትምህርት ቤት» ነን። በራችን አስፋልት ዳር ስለሆነ መሰለኝ። ጎናችን ያስቀመጣችሁትም ተማሪዎቹን በፈተና መርጦ የሚቀበል፣ የሚያበላና የሚያሳድር አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው!

ስለ «ዜሮ»ው ደግሞ ትንሽ ሒሳብ። በ2017 በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ናቸው፤ በ2015 እኮ 3.2 ነበሩ። ከ43 ተማሪ 8.4 በመቶ ሲሰላ ሦስት ልጅ ተኩል ገደማ ይመጣል። ጉድ ያሰኘን የእነዚህ ሦስት ተኩል ልጆች መጉደል ነው። ከ600 297 ያመጣች ልጅ አለችን። ሦስት ነጥብ ብትጨምር ኖሮ ከዝርዝራችሁ እንወጣ ነበር፤ የፍላጎታችን ማነስም በአንድ ሌሊት ይድን ነበር ማለት ነው። እሷም አርብ አርብ ከሚሄዱት ናት።

«የከተማ» የሚለውን አርሙልን። ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁን፤ ባዶ ከረጢታቸውን ጠቅልለው ሲወጡ በሩ ላይ ያገኛቸዋል። መኪናው እስከሚገባበት ድረስም ሁለት ሦስቱን ይሸኝልኝ።

የፊዚክስ መምህሩ