ለልጄ፦ ሳቅ ፈርተሽ አፍሽን እንዳትዘጊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ስደውልልሽ «ደህና ነኝ አባዬ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊው ነው ደብዳቤ የጻፍኩት። ይህን ረጋ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

የአክስትሽ ልጅ ለጥምቀት መጥቷል። እኔ ነኝ አፋጥጬ የጠየቅሁት፤ እሱን እንዳትቆጪው። የእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን ተራሽ ሲደርስ ወረቀቱን ለጓደኛሽ ሰጥተሽ «አሞኛል» ብለሽ ወጣሽ አለኝ። በፊተኛው ሳምንት ስትናገሪ የሳቁ ልጆች ነበሩ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከክፍል መቅረት ጀምረሻል። ይባስ ብለሽ «ዊዝድሮዋል ሞልቼ፣ ዩኒቨርሲቲውን ትቼ ቤት ልግባ» ብለሻል።

የኔ እናት፣ ሳቅ ፈርተሽ አፍሽን እንዳትዘጊ። ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ይመጣል። ዊዝድሮዋል የሚባለውን ነገር ግን ሁለተኛ እንዳልሰማ።

እነዚያ አዲስ አበባ ያደጉ ልጆች እንግሊዝኛው የሚቀናቸው ካንቺ የተሻለ ጭንቅላት ስላላቸው አይደለም። ከኬጂ ጀምሮ ሲሰሙት ነው የኖሩት። ካርቱኑም በእሱ፣ መጽሐፉም በእሱ፣ መምህሯም «ቁጭ በሉ» የምትላቸው በእሱ ነው። አንቺ የሰማሽው በቀን አንድ ፔሬድ፣ ሦስት ሦስት ሆናችሁ በተቀመጣችሁበት ዴስክ ላይ ነው። ያውም መምህሩ ግማሹን በአማርኛ እያስረዳ። ዘጠነኛ ስትገቢ ደግሞ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም ባንዴ እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀሽ። የዚያን ዓመት ማታ ማታ በኩራዝ መዝገበ ቃላት ስታገላብጪ አይቼሻለሁ። መብራቱ በሚጠፋበት ሰሞን ማለቴ ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም አትበዪኝ። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንቺ ከነሱ አንዷ ነሽ። ሂሳቡንም ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ አንብበሽ ነው የሠራሽው። ችግሩ ሌላ ነው። ያ ፈተና አንብቦ ማጥቆር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ «እስቲ ተናገሪ» የሚል ጥያቄ የለውም። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ ጊዜ አይሰጠውም። ይህን የምልሽ ዕድሜዬን ሙሉ ቾክ ይዤ ስለኖርኩ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንሽ ሠራ፣ እጅሽ ሠራ፣ አፍሽ ግን ሥራ አልነበረውም። አሁን ሥራ ሲሰጠው ቢንተባተብ ምን ይገርማል?

ያን አንቺ ጋሼ የምትይውን፣ የሩዝ መፈልፈያውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። አብሮ አደጌ መሆኑን እንጂ የክፍል ጓደኛዬ እንደነበር አልነገርኩሽም። በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ እስከ ስድስተኛ ሁሉም ትምህርት በአማርኛ ነበር። ሰባተኛ ስትገቢ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ስድስተኛ ክፍል እያለን መምህሩ ሂሳቡን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ እሱ መልሱን ያውቀው ነበር። ሰባተኛ ገባን። የጂኦግራፊው መምህር አንብብ ብሎ አስነሳው። «ፒፕል» የሚለውን «ቢብል» ብሎ አነበበው። ክፍሉ ፈነዳ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጠፍቶ «ቢብል» ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ማውጣት ተወ። ቀጥሎ በሳይንስ። ከዚያ በሂሳብም ተወ፤ ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነበራ። መልሱን እያወቀ ዝም ይላል፤ አጠገቡ ስለምቀመጥ ደብተሩ ላይ አየው ነበር። ለፋሲካ እንደወጣን አልተመለሰም። አባቱ «ልጄ ትምህርት አልገባው ብሎ ነው» ይሉ ነበር። አልገባው ብሎ አልነበረም። አንድ ሰው «ግድ የለም፣ በአማርኛ ንገረን» ቢለው ኖሮ ዛሬ ኢንጂነር ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን እንኳ ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ ሲያወጣ ቁጥሩን አይቶ፣ ገለባውን ቀንሶ፣ የሚከፈለውን በቃሉ ይነግረዋል። ካልኩሌተር የያዘው ልጁ ገና እየነካካ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ነው ሳቅ ፈርተሽ አፍሽን እንዳትዘጊ የምልሽ። ዝምታ ከአንድ ክፍል ይጀምርና ወደ ሌላው ይሄዳል።

ደግሞ የሳቁበት ነገር ምንድን ነው? የአፋችን ልማድ ነው። ፐ በአማርኛ በውሰት ቃል ላይ ካልሆነ የለም፤ እዚህ ሽማግሌዎቹ ፖሊስን ቦሊስ ይላሉ። ሁለት ተነባቢ መጀመሪያ ላይ ሲገጥሙንም እ እንጨምራለን፤ «እስኩል»፣ «እስፖርት» እንላለን። ስፔኖችም እኮ እንዲሁ ይጨምራሉ። በልምምድ ይስተካከላል፤ ባይስተካከልም ሰው እስከገባው ድረስ ምንም አይደለም። እኔ ይበልጥ የምፈራልሽ ሌላውን ነው። የኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የእነሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ነው። አማርኛውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ልመልስ ካልሽ ግሱን ፍለጋ መሀል ላይ ትቆሚያለሽ። ያን ጊዜ ነው የምትደነግጪው፤ ስትደነግጪ ደግሞ የምታውቂውም ቃል ይጠፋል። ሐሳቡን በአማርኛ አብስዪው፣ ይህ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም። ስትናገሪ ግን ከመጀመሪያው አጭር አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያዢ። ማን፣ ምን አደረገ፣ ነጥብ።

«ጊዜው አልፎብኛል፣ በልጅነት ነበር» ብለሻል አሉ። ይህ እውነት አይደለም። ልጆች በረጅም ጊዜ በድምፅ አወጣጥ ይበልጣሉ። ሰዋስውና ቃል በመያዝ ግን መጀመሪያ ላይ ትልቅ ሰው ይፈጥናል። የ19 ዓመት ልጅ ምን አለፈባት?

አሁን የምነግርሽን አድርጊ። ከኋላ ወንበር ተነሺና ፊት ተቀመጪ። ፕረዘንቴሽኑን ሸምድደሽ እንዳትገቢ፤ አንድ ቃል ሲጠፋሽ ሁሉም ይጠፋል። አምስት ስድስት ቁልፍ ቃል ብቻ ጻፊና ያዢ። ከመግባትሽ በፊት ለዶርም ጓደኛሽ ጮክ ብለሽ ሁለት ሦስቴ ንገሪያት። ያቺ የአምቦዋ ልጅ ጥሩ ልጅ ትመስላለች፤ እሷም አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋዋ ነውና ይገባታል። ማታ ማታ ዋይፋዩ ሲሠራ የቢቢሲን የእንግሊዝኛ መማሪያ አዳምጪ፤ ስድስት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ዝግጅት አለው። አንድን ዝግጅት ደጋግመሽ ስሚ እንጂ ከአንዱ ወደ አንዱ አትዝለዪ። መምህሩንም ቢሮው ሄደሽ «ተራዬ አምልጦኛል፣ ሌላ ቀን ይስጡኝ» በዪው። በእንግሊዝኛ በዪው። ቢሰባበርም በዪው።

ቁርስ እንዳትዘዪ። በባዶ ሆድ ቡና ጠጥተሽ ፊት ለፊት ብትቆሚ እጅሽ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

በክፉ የምቆጣሽ እንዳይመስልሽ። ትንሽ ሆነሽ መምህራን ቤት ሲመጡ ጠረጴዛ ላይ ወጥተሽ ተረት ትነግሪያቸው የነበርሽው ልጅ ነሽ። ያንቺ አፍ ለዝምታ አልተፈጠረም፤ ሰው ሳቀ ብለሽ አትዝጊው።

የአክስትሽ ልጅ ማክሰኞ ወደዚያ ይመለሳል። ዳቦ ቆሎውንና በርበሬውን በእሱ ልኬያለሁ። በርበሬውን ከልብስሽ ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጊው። ኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላትም ውስጡ አለ፤ ሽፋኑን በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። 500 ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም አትስጪ። መምህሩ የሰጠሽን ቀን እንዳወቅሽ ደውዪልኝ። ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ የማታ ተማሪዎች ጋ ነኝ።

አባትሽ