የአስታማሚው ወጪም ይታሰብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ስለ ካንሰር ሕክምና የሚወጡትን ጽሑፎች እከታተላለሁ፤ አብዛኞቹ የሚያነሡት የመሣሪያና የመድኃኒት እጥረትን ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሐኪም ማዘዣ ላይ ስለማይሰፍርና የሆስፒታል ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ወጪ ነው።

ታላቅ እህቴ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት። የጡት ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ በኋላ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) በየ21 ቀኑ ታዘዘላትና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረች። ብቻዋን መንቀሳቀስ ስለማትችል ባለቤቷ አብሯት ይሄዳል፤ በዚያ ከተማ ዘመድ የለንምና የመሳፈሪያውም፣ የምግቡም፣ የአልጋውም ወጪ የሁለት ሰው ነው። በምርመራ የደም ሕዋሷ ቁጥር ዝቅ ብሎ ኬሞው ለሳምንት ሲተላለፍ ደግሞ አገር ቤት ደርሶ መመለሱም፣ እዚያው መሰንበቱም ያው ገንዘብ ይጠይቃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት በመሆናቸው የሕክምናው ክፍያ በእጅጉ ቀሎላቸዋል፤ ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሆኖም በሁለት ዙር መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ከውጭ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተዋል፤ አንደኛው በሬ የተሸጠው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው የተሸጠው ግን ለመድኃኒት አልነበረም። የጨረር ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ የሚሰጥ በመሆኑ ለ25 ጊዜ ጨረር 5 ሳምንት አዲስ አበባ መክረም ነበረባቸው፤ በሬው ያለቀው በአልጋና በምግብ ነው። ጥማድ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለእኩል ከመስጠት በቀር ምን አማራጭ አለው? ምርቱ በግማሽ ቀነሰ፤ የ14 ዓመት ልጃቸውም እናቷን ተክታ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ትምህርቷን አቋረጠች።

ደመወዝተኛውም ከዚህ አያመልጥም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ተከታዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞና ጨረር በተከታታይ የታዘዘለት ሰው ሕክምናውን ሳይጨርስ ፈቃዱ ሊያልቅበት ይችላል። ለአስታማሚው ደግሞ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው የሚፈቀድለት እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ ያውም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እኔ መምህር ሆኜ የክረምት ዕረፍቴን ከእህቴ ጋር ባላሳልፍ ኖሮ ባለቤቷ የዘር ወቅት ባለፈበት ነበር፤ ክረምት የማያርፈው ሠራተኛ ምን ያደርጋል እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት የሚያደርገው ርዳታ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ሸክም ለበጎ አድራጊዎች መተው አይገባም። የጤና መድኑ በሪፈር ለተላከ የካንሰር ሕመምተኛና ለአንድ አስታማሚ የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪን ቢሸፍን፣ በክልል ሆስፒታሎችም የኬሞ መድኃኒት ሳይቋረጥ ቀርቦ የመጀመሪያውን ዙር አዲስ አበባ የወሰደች እናት ቀሪውን በቅርቧ እንድትወስድ ቢደረግ፣ ብዙ ገበሬ በሬውን ባልሸጠ ነበር። ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት በዚህ ጉዳይ ያላቸውን ዕቅድ ጋዜጣችሁ ጠይቆ ለአንባቢ እንዲያቀርብልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከባሕር ዳር