ፎርማሊን የገባ ናሙና ስለ ወተት አይመሰክርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ወተት ቢተው ይሻለዋል የሚል ምክር አነበብኩ። ደብረ ብርሃን የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ይህ ምክር ሳይመረመር ሲሰጥ ምን እንደሚያስከትል በቤተሰቤ አይቻለሁ።

የ9 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ የሚኖረው መሐል ሜዳ ነው። ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ያስቀምጠዋል። አዲስ አበባ ተወስዶ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀቱ ናሙና ተወሰደለት፤ የተወሰደውም ሁሉ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ ገባ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው የፓቶሎጂ ክፍል ውጤት ችግር የለበትም ሲል፣ ወላጆቹ «እንግዲህ ወተት አትስጡት» ተባሉ። ወንድሜ የኢንዛይም (ምግብ የሚፈጭ የአንጀት ንጥረ ነገር) ምርመራ ይሠራለት ብሎ ሲጠይቅ ለዚያ የሚሆን ናሙና አልተረፈም። እናቱ ልጄ ዳግመኛ ማደንዘዣ አይወጋም አለች፤ አልፈርድባትም። አሁን ላሟን አልባ ለወንድሞቹ ትቀዳለች፣ ለእሱ ሻይ ታፈላለታለች።

የተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ የአንጀቱን ግድግዳ ቅርጽ ያሳያል እንጂ የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን አያሳይም። ኢንዛይም የሚለካው እየሠራ ነው፤ ፎርማሊን ደግሞ ያን ሥራ ያጠፋዋል። ስዊድናዊው አርነ ዳልክቪስት እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ዘዴ፣ ጥቂት ሚሊግራም የምትሆነው ቁራጭ በቅዝቃዜ ትፈጫለች፤ ከላክቶስ ጋር በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትቆይና የወጣው ግሉኮስ ተለክቶ ለናሙናው ፕሮቲን ይካፈላል። በዚያችው ቁራጭ ሌሎች ስኳሮችን የሚፈጩት ኢንዛይሞች ሱክሬዝና ማልቴዝም ይለካሉ፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ሦስቱም ካነሱ አንጀቱ ሳይጎዳ አልቀረም፤ ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ተውሳክ ወይም ሴሊያክ (እንደ ስንዴ ባሉ እህሎች ውስጥ ባለው ግሉተን የሚነሣ የአንጀት በሽታ) ሊሆን ይችላል፣ ታክሞ ሲድን ኢንዛይሙም ይመለሳል። ላክቴዝ ብቻ አንሶ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ብዙውን ጊዜ በዘር የመጣ ነው። እርግጥ ላክቴዝ ቀድሞ የሚጎዳ፣ ዘግይቶም የሚያገግም ስለሆነ ሐኪሙ የሰገራ ምርመራውንና የልጁን ታሪክ አብሮ ማየት አለበት። በዘር ሆኖ ቢገኝም እርጎና ጥቂት ጥቂት ወተት የሚስማማቸው ብዙዎች ናቸው። ታዲያ እስከ ወዲያኛው መከልከል ምን አመጣው?

ቱቦ ሳያስውጥ የሚሠራ የትንፋሽ ሃይድሮጂን ምርመራም አለ፤ ላክቶስ አለመፈጨቱን ያሳያል፣ ለምን እንዳልተፈጨ ግን ለብቻው አይለይም።

ሐኪሞችን የምለምነው፣ ኢንዶስኮፒው የታዘዘው ወተት አልስማማ ላለው ልጅ ከሆነ አስቀድመው ላቦራቶሪውን እንዲያማክሩ ነው። ምርመራው የሚሠራበት ቦታና ናሙናውን በረዶ እንደሆነ የሚያደርስ ካለ፣ ለፓቶሎጂ ከሚሄደው ሌላ አንድ ሁለት ቁራጭ ፎርማሊን ሳይነካው ደረቅ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወዲያው በረዶ ይሁን። ወላጆችም የፈቃድ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ናሙናው ፎርማሊን ከገባ በኋላ የምንለካው ኢንዛይም የለም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ